«ስልኩ ሞላ» ሲባል መጀመሪያ ምን እንይ?

ዛሬ ለቴክኖሎጂ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስልክ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ ነው። «ቦታ የለም» ብሎ እምቢ ያለ ስልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፤ እሱም የእናቴ ነው፤ 16 ጊጋባይት ነው። የሳይንስ መምህራችን በቴሌግራም ወርክሽት ልከውልን ላውርድ ስል እምቢ አለኝ። እናቴ ገበያ በወጣችበት ቀን ስልክ ለሚሠራ ልጅ አሳየችው። «ፎርማት ይደረግና አዲስ ይሆናል» አላት። ልትሰጠው ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና «የእማማ ድምፅስ?» ብላ ጠየቀችው። «እሱማ ይጠፋል፣ ሁሉም ነው የሚጠፋው» አላት። ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ከታ ተመለሰች።

እማማ የምንላት አያቴን ነው። ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ከማረፏ በፊት ዘር ስትቆጥር ወንድሜ በስልኩ ቀድቷት ነበር። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ከዳባት እንደመጣ፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ትቆጥራለች። 11 ደቂቃ ነው። እናቴ ራሷ በቃሏ የምታውቀው እስከ አራት ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ድምፅ ከጠፋ ከየትም አናገኘውም።

እኔም የኮምፒውተር መምህራችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ያረሙኝ «ሚሞሪ ሞላ» ማለቴን ነው። ሰው ሁሉ ሚሞሪ የሚለው ሁለት የተለያየ ነገርን ነው። አንዱ ራም ይባላል፤ ስልኩ አሁን የሚሠራበት ነው፤ እንደ ሰሌዳ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። ሁለተኛው ማከማቻ ነው፤ እንደ ደብተር ነው፤ የተጻፈው እስኪፋቅ ድረስ ይቀመጣል። የእናቴ ስልክ የሞላው ደብተሩ ነው። ሰሌዳውን ብታጸዱ ደብተሩ አይጎድልም! «ራም አጽዳ» የሚሉ አፖች ለዚህ ምንም አይጠቅሙም፤ እንዲያውም እነሱ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ከውስጣቸው ሊኑክስ አለ። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ሰው ነው፤ ያኔ ተማሪ ነበር! የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ለገበያ የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄን ያመጣሁት ለጉራ አይደለም። ሊኑክስ ማከማቻውን እንደ ጎተራ ከፋፍሎ ነው የሚይዘው። አንዱ ክፍል የስልኩ የራሱ ሲስተም ነው፤ እሱን እኛ አንነካውም። የእኛ ፎቶ፣ አፕና ድምፅ የሚገባው በቀረው ክፍል ነው። ለዚህ ነው 16 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ስልክ 16 የማያስይዘው። ሻጩ አላታለላችሁም ማለት ነው፣ ቢያንስ በዚህ።

ቀጥሎ መምህሩ «ምንም ሳታጠፋ መጀመሪያ እይ» አሉኝ። ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ ማከማቻ የሚለውን ስትነኩ ማን ስንት እንደያዘ ይታያል። የእናቴ ስልክ ላይ ያየሁትን በደብተሬ ገልብጬዋለሁ። ሲስተሙ 6 ጊጋባይት፣ አፖች 6፣ ቪዲዮ 2.1፣ ፎቶ 1.2፣ ድምፅ 0.2። ስደምረው 15.5 መጣ። የቀረው ግማሽ ጊጋባይት ብቻ ነው። ከአፖቹ ውስጥ ደግሞ ቴሌግራም ብቻውን 3.8 ይዟል!

የእማማ ድምፅ ስንት ይመስላችኋል? 10 ሜጋባይት ነው። አንድ ደቂቃ ጥርት ያለ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል። የእማማ ሰባት ቤት ዘር የያዘው ቦታ ወንድሜ ሳንቃ በር ሄዶ ከቀረፀው የጭላዳ ቪዲዮ የአምስት ስድስት ሰከንዱን ያህል ነው። ያ ቪዲዮ ደግሞ አብዛኛው የጭላዳ ጀርባ ነው፤ ሣር ሲነጩ ዞር እንኳ አላሉለትም። እኛ ግን ስልክ ሲሞላ መጀመሪያ የምናጠፋው ፎቶና ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም በዓይናችን የሚታየን እሱ ነው። ትልቁ ሸክም የተደበቀው ሌላ ቦታ ነው።

የተደበቀው መሸጎጫ ይባላል። የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ካደረጋችሁት «መሸጎጫ አጽዳ» የሚል ታያላችሁ። እናቶቻችን ብር መቀነታቸው ውስጥ እንደሚሸጉጡት አፖችም ያዩትን ነገር ሁሉ «ኋላ ይፈለግ ይሆናል» ብለው ይሸጉጣሉ። ቴሌግራም ላይ በየግሩፑ ያያችሁት ቪዲዮና ፎቶ እዚያ ይከማቻል። መሸጎጫ ቢጸዳ አፑም አካውንቱም አይጠፋም። ከግሩፕ የመጣው ፋይል ቴሌግራም ጋ ስለሚቀመጥ ላኪው ካላጠፋው እንደገና ይወርዳል፤ ግን ጥቅል ይበላል፤ ስለዚህ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ለዩ።

አደጋው ግን እዚሁ አጠገቡ ነው። ከመሸጎጫው ጎን «ማከማቻ አጽዳ» ወይም «ውሂብ አጽዳ» የሚል ሌላ ቁልፍ አለ። እሱ አፑን እንደ አዲስ ነው የሚያደርገው። አንዳንድ የድምፅ መቅጃ የቀዳውን ከራሱ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ያንን ቁልፍ ብትነኩ ወይም አፑን ብታራግፉት ድምፁም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እኔ ጣቴ እዚያ ቁልፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ «ምንድን ነው እሱ?» ባትለኝ ኖሮ እንጃ።

ስለዚህ ከማጽዳቴ በፊት የአጎቴን ሚሞሪ ካርድ ተዋስኩ። ካርዱን ስከተው ስልኩ እንደ ተንቀሳቃሽ ማከማቻ ላድርገው ወይስ የስልኩ አካል ላድርገው ብሎ ጠየቀኝ። የስልኩ አካል ካላችሁት ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚጀምረው፤ ሌላ ስልክም አያነበውም። አጎቴ ካርዱ ላይ የሠርጉ ፎቶ አለበት! ተንቀሳቃሽ የሚለውን መረጥኩ። የእማማን ድምፅ ወደዚያ ቀዳሁት፤ አላዛወርኩትም። ከዚያ ካርዱን አውጥቼ በአጎቴ ስልክ ከፈትኩትና እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ካርድ ላይ «64» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ አስመሳይ ካርድ አለ፤ እሱ ላይ ፋይሉ ያለ ይመስልና ሲከፈት አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ነው የቴሌግራምን መሸጎጫ ያጸዳሁት። ቅንብሮቹ ውስጥ ዳታና ማከማቻ የሚለው ጋ ነው። በራሱ እንዳያወርድም ዘጋሁት። ወንድሜም በግድ አራት የጭላዳ ቪዲዮዎች አጠፋ፤ ቦታው ግን ወዲያው አልተለቀቀም። የተጠፋ ፎቶና ቪዲዮ በብዙ ስልኮች መጀመሪያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቶ እስከ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ እሱንም ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። አንዱን ፋይል የያዘው አፕ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ቦታውን አፑ እስኪለቅ አይመልስም፤ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት የሚረዳው ለዚህ ነው። አጥፍቼ ሳበራው 4.7 ጊጋባይት ክፍት ሆነ። ወርክሽቱ ወረደ፤ ማስረከቢያው ግን አልፎ ነበር፣ ከአሥር ሰባት አገኘሁ።

የእማማን ድምፅ ደብተሬ ላይም በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፣ ሰባቱንም። ስድስተኛው ላይ ግን ልክ ስሙን ስትጠራ ዶሮ ጮኻ ሸፈነችው። ደጋግሜ ብሰማውም አልለይ አለኝ። ለፋሲካ የእማማ እህት ስትመጣ እጠይቃታለሁ።