ምናባዊ ድርሰት፦ የፈጠራ ወንዝና የዳርቻው ነጋዴዎች

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፣ በካርታ ላይ የሌለን አገር በምክንያትና በውጤት አያይዛችሁ በጽሑፍ ለመግለጽ ትችላላችሁ።

፩. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች የምታውቁትን ስፍራ መግለጽ ተለማምዳችኋል። አሁን ደግሞ ማንም ሰው ያላየውን ስፍራ እንድትገልጹ ትጠየቃላችሁ። ይኸውም ከአእምሯችሁ የፈለቀ ወንዝና በዳርቻው በንግድ የሚተዳደር ሕዝብ ነው።

ብዙ ተማሪዎች «የፈጠራ ድርሰት ጻፉ» ሲባሉ ሥራው ቀላል ይመስላቸዋል፤ «የፈለግሁትን ብጽፍ ማን ይከለክለኛል?» ብለው ያስባሉ። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለ ዓባይ ወይም ስለ አዋሽ ስትጽፉ አንባቢው ወንዙን ስለሚያውቀው የጎደለውን ከራሱ ይሞላላችኋል። የፈጠራ ወንዝ ግን እናንተ ከጻፋችሁት ቃል በቀር ሌላ ውሃ የለውም። ስለዚህ ምናብ ማለት እንደ ልብ መናገር ሳይሆን፣ አንዱ ነገር ከሌላው እንዴት እንደሚከተል አጥብቆ ማሰብ ነው።

፪. ወንዝ የራሱ ሕግ አለው

ውሃ ሽቅብ አይፈስም። የእናንተም ወንዝ ከከፍታ መመንጨት፣ ወደ ዝቅታ መውረድ፣ በዝናም ወራት መሙላት፣ በበጋ መጉደል ይኖርበታል። ይህን ሕግ ስትጠብቁ ግን እንግዳ ነገር መፍጠር አትችሉም ማለት አይደለም። ተፈጥሮ ራሷ ከብዙ ደራሲ ይልቅ ፈጣሪ ናትና።

በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውን የኒጀር ወንዝ ተመልከቱ። ርዝመቱ 4,180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚመነጨው ከጊኒ ከፍተኛ ስፍራዎች፣ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ ከሆነ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ በአቅራቢያው ወዳለው ባሕር አይሄድም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሰሐራ በረሃ ይጓዛል። በቲምቡክቱ አካባቢ ከበረሃው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ በመጨረሻ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የቲምቡክቱ ታሪክ ከዚህ መታጠፍ ጋር የተያያዘ ነው። የግመል መንገድ የሚያበቃበትና የታንኳ መንገድ የሚጀምርበት ስፍራ በመሆኑ ገበያ ሆነ።

፫. ንግድ የሚወለደው ከእጦት ነው

«ሕዝቡ ነጋዴ ነበር» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ምን አለው? ምንስ ይጎድለዋል? ጎረቤቱስ? በኒጀር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት ሕዝቦች ወርቅ ከደቡብ ያገኙ ነበር፤ ጨው ግን በበቂ አልነበራቸውም። በሰሐራ ውስጥ በሚገኘው በተጋዛ ደግሞ ጨው እንደ ድንጋይ ተቆርጦ ይወጣ ነበር፤ እህል ግን አይበቅልበትም ነበር። የማሊና የሶንጋይ መንግሥታት የበለጸጉት እነዚህን ሁለት እጦቶች የሚያገናኘውን መንገድ በመያዛቸው ጭምር ነው። በዚያው ንግድ ሰዎችም እንደ ሸቀጥ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ ሕዝብን ስትፈጥሩ ትርፉን ብቻ ሳይሆን፣ ትርፉ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ወደቀም ጠይቁ።

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ጋምቤላ የተመሠረተችው በዚህ ነው። ከደጋው በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደው ቡና በጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ደግሞ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ሆኖም ትልልቆቹ ጀልባዎች ጋምቤላ ለመድረስ የሚችሉት ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ የነጋዴውን የሥራ ዘመን የሚወስነው ዝናሙ ነበር ማለት ነው።

፬. ሕዝቡ ሊያጣው የሚችል ነገር ይኑር

ሁልጊዜ የሚደሰት፣ ሁልጊዜ የጠገበ ሕዝብ ለድርሰት አይመችም። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአውሮፓ መርከቦች በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ መነገድ ሲጀምሩ ከወርቁ ከፊሉ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1591 ደግሞ ጠመንጃ የታጠቀ የሞሮኮ ጦር በረሃውን አቋርጦ ሶንጋይን ድል አደረገ። ሕዝቡ የበለጸገበት መንገድ ጠላትም የሚመጣበት መንገድ ሆነ። እናንተም «የእኔን ሕዝብ ያቆመው ነገር አንድ ቀን ቢጎድል ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

፭. ምሳሌ የሚሆን አንቀጽ

የሚከተለውን አንቀጽ በጥንቃቄ አንብቡ።

«የጥምዝ ወንዝ ከሰሜን ተራሮች ይመነጫል። ወደ ደቡብ ሲወርድ በሦስት ስፍራ ስለሚጠመዘዝ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በሦስተኛው ጥምዝ ውሃው በቋጥኞች መካከል ስለሚወረወር ጀልባ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ከላይ እህል ጭኖ የወረደ፣ ከታች ጨው ጭኖ የወጣ ነጋዴ ሁሉ በዚያ ስፍራ ጭነቱን ያራግፍ ነበር። የጥምዝ ሰዎች መሬታቸው ጭንጫ በመሆኑ አያርሱም ነበር፤ የሌላውን ሸክም በትከሻቸው ከፏፏቴው በላይና በታች እያመላለሱ ከአሥር ቁና አንዱን ይቀበሉ ነበር። በአንድ ዓመት ግን በተራሮቹ ላይ ዝናሙ ቀረ። ወንዙ ጎደለ፤ ጀልባዎቹም ቆሙ። በጥምዝ ጎተራ ለሁለት ዓመት የሚበቃ እህል ነበር። አንድ ቀን የላይኛው አገር ገበሬዎች ባዶ ስልቻ ይዘው በእግራቸው መጡ። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አንዱ፣ ‹ያለ ዋጋ የሰጠ ነጋዴ ከርሞ ነጋዴ አይባልም› አለ። ሁለተኛው ጥቂት ዝም ብሎ፣ ‹እነርሱ ካለቁስ ከርሞ የማንን ሸክም እናሻግራለን?› ሲል መለሰ።»

፮. የሰዋስው ማስታወሻ

ሀ) በአንቀጹ ውስጥ ግሦቹ በሦስት ዓይነት መንገድ እንደ ገቡ አስተውሉ። «ይመነጫል» የማይለወጥ ጠባይን፣ «ያራግፍ ነበር» በኃላፊ ጊዜ የተለመደ ድርጊትን፣ «ቀረ» እና «መጡ» ግን አንድ ጊዜ የተፈጸመን ድርጊት ያመለክታሉ። ገለጻው ወደ ትረካ የተሻገረው «በአንድ ዓመት ግን» ከሚለው ሐረግ ጀምሮ ነው። ልማድን በ«ይቀበሉ ነበር» ጀምራችሁ ያለ ምክንያት ወደ «ተቀበሉ» ብትዘሉ አንባቢው ነገሩ ሁልጊዜ ይሆን እንደ ነበር ወይም አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ለ) ምክንያትን ከውጤት ጋር ለማያያዝ «ስለ»፣ «በመሆኑ»፣ «ስለዚህ» የሚሉት ቃላት አገልግለዋል። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ደካማ፦ ወንዙ በጣም የሚያምር ነበር፤ ሰዎቹም ጎበዝ ነጋዴዎች ነበሩ።
የተሻለ፦ ወንዙ በዓመት አራት ወር ብቻ ስለሚሞላ ነጋዴዎቹ የዓመቱን ጨው በእነዚህ ወራት ይገዙ ነበር።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ያሳያል።

፯. መልመጃ

1. ከምሳሌው አንቀጽ ልማድን የሚያመለክቱ ግሦችን ለይታችሁ አውጡና እያንዳንዱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
2. ከፏፏቴው ጎን ጀልባ የሚያሳልፍ ቦይ ቢቆፈር ኖሮ የጥምዝ ሰዎች ኑሮ እንዴት ይለወጥ ነበር? በአምስት ዐረፍተ ነገር መልሱ።
3. በአካባቢያችሁ ያለ ገበያ ለምን በዚያ ስፍራ እንደ ቆመ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን መልስ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. የራሳችሁን ወንዝና ነጋዴ ሕዝብ ፈጥራችሁ በሦስት አንቀጽ ግለጹ። የመጀመሪያው ስለ ወንዙ፣ ሁለተኛው ስለ ንግዱ፣ ሦስተኛው ሕዝቡ ስላጋጠመው ችግር ይሁን።
5. የሁለቱን ሽማግሌዎች ክርክር ቀጥሉና ፍርዱን ስጡ። ጎተራውን ብትከፍቱም ብትዘጉም የውሳኔያችሁን ምክንያትና በሚቀጥለው ዓመት የሚያስከትለውን ውጤት ግለጹ።