ኩሬ፣ ዕፅዋትና ኮምፒውተር፦ ፎስፎረሱ የት ይሄዳል?

ፍሳሽ በሚገባበት ኩሬ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚበዙ አልጌ ያለ ልክ ይራባል። በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ዕፅዋት እነዚህን ንጥረ ነገሮች በሥሮቻቸው ይስባሉ። የሚያስወግዱትን መጠን አስቀድመን ለመገመት የኮምፒውተር ሞዴል እንሠራለን።

የሞዴሉ መሠረት ሚዛን ነው። በየቀኑ ወደ ኩሬው ከገባው ፎስፎረስ ላይ፣ ከውኃው ጋር የወጣውንና ዕፅዋቱ የሳቡትን እንቀንሳለን፤ ከበሰበሱት ዕፅዋት የተመለሰውን ደግሞ እንደምራለን። ኮምፒውተሩ ይህንኑ ስሌት ቀን በቀን ይደግማል። ዕፅዋቱ የሚስቡበት ፍጥነት በውኃው ካለው የንጥረ ነገር መጠን ጋር ያድጋል፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ግን ጭማሪው ይቆማል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው «የተመለሰውን» ነው። ያን ጊዜ ኩሬው በስሌት ላይ ያለ አጨዳ ይጠራል፤ በእውን ግን አይጠራም። ናይትሮጅን በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ አየር ሊወጣ ይችላል። ፎስፎረስ ይህ መንገድ የለውም፤ በደለል ውስጥ ይቀመጣል፣ አለዚያም ታጭዶ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ የታየውን እምቦጭ ለምሳሌ እንውሰድ (እርሱን ለማጥሪያ ብሎ ማራባት አደገኛ መሆኑ ሳይረሳ)። ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ አንድ ቶን ብናጭድ የሚደርቀው 50 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ 0.4 በመቶው ፎስፎረስ ነው ብንል 200 ግራም እናገኛለን። ይህ መጠን በሊትር 4 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ ባለው 50 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው ነው። የታጨደው በኩሬው ዳር ተከምሮ ከቀረ ግን ዝናብ አጥቦ ይመልሰዋል፤ በሞዴሉም «የወጣ» ብለን ልንመዘግበው አይገባም።