ፍላሽ ማኅደር እንጂ መጻፊያ አይደለም
ሰነድ በፍላሽ ላይ ስናስቀምጥ ኮምፒውተር የሚቆምበት ምክንያትና መፍትሔው

በየአጥቢያው ጽሕፈት ቤት የሚዘጋጁ ብዙ ሰነዶች፣ ይኸውም ቃለ ጉባኤ፣ የምእመናን መዝገብ፣ የገቢና ወጪ ሒሳብ እንዲሁም የልማት ሥራዎች የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ዛሬ በኮምፒውተር ይጻፋሉ። ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት ሲላኩም ብዙ ጊዜ በፍላሽ ተይዘው ይሄዳሉ። በዚህ አሠራር ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ጸሓፊው ሥራውን ጨርሶ በፍላሹ ላይ ለማስቀመጥ ሲያዝዝ ወርድ ወይም ኤክሴል በድንገት ይቆማል፤ ገጹ ነጣ ይላል፤ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍም ከላይ ይታያል። በተለምዶ «ስታክ አደረገ» የምንለው ይህንኑ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ተቻኩለው ፍላሹን ይነቅላሉ፤ ወይም ኮምፒውተሩን ያጠፋሉ። ሰነዱ በአብዛኛው የሚጠፋው ግን በመቆሙ ሳይሆን በዚህ ችኮላ ነው። የሰነዱ ቅጂ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ሒሳብ ወይም የአባላት መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የችግሩን ምንጭና መፍትሔ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ችግሩ ከምን ይመጣል?

«ሴቭ» የሚለውን ስንጫን ፕሮግራሙ አዲሱን ጽሑፍ በአሮጌው ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ይመስለናል። ወርድና ኤክሴል ግን እንዲህ አያደርጉም። በመጀመሪያ ሰነዱን በሙሉ በዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም እንደ አዲስ ይጽፉታል፤ ቀጥሎ አሮጌውን ያነሣሉ፤ በመጨረሻም ለአዲሱ የሰነዱን ስም ይሰጡታል። በመሆኑም በፍላሹ ላይ የሰነዱን ሁለት ቅጂ ለአፍታ የሚይዝ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ፍላሹ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ሥራው ከመካከል ይሰናከላል።

ሁለተኛው ምክንያት የፍላሹ ዝግታ ነው። ፍላሽ ጥቂት ነገር ለመለወጥ እንኳ ሰፋ ያለ ክፍል አጥፍቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ከስልክ የተነሡ ብዙ ፎቶዎችን የያዘ የልማት ሪፖርት ሲሆን ሥራው እጅግ ይረዝማል፤ ፕሮግራሙም እስኪያልቅ ድረስ መልስ አይሰጥም። አንቲቫይረስ እያንዳንዱን ፋይል ሲመረምር፣ የፍላሹ መሰኪያ ሲላላ፣ ወይም ፍላሹ ራሱ አርጅቶ ሲበላሽ መዘግየቱ ወደ መቆም ይለወጣል።

በቆመ ጊዜ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንታገሥ። ፕሮግራሙ መልስ አለመስጠቱ ሞቷል ማለት አይደለም። ፍላሹ መብራት ካለውና ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳንነካው እንጠብቅ።

ሁለተኛ፣ በገጹ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ወይም የሒሳብ ሠንጠረዥ በስልክ ፎቶ እናንሣው። ሌላው ሁሉ ባይሳካ የመጨረሻውን ክፍል መልሶ ለመጻፍ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ካልተመለሰ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነን፣ ከሚመጣው ዝርዝር የቆመውን ፕሮግራም ብቻ መርጠን እንዝጋው። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙን እንደገና እንክፈተው። ቅንብሩ ካልተለወጠ ወርድ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ቅጂ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ስለሚይዝ፣ ሲከፈት የተረፈውን ያቀርብልናል። ካላቀረበ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ»፣ ቀጥሎም «ማኔጅ ዶክዩመንት» በሚለው ውስጥ ያልተቀመጡ ሰነዶችን እንፈልግ። በፍላሹ ላይ የማናውቀው ስም ያለው ወይም መጨረሻው «ቲኤምፒ» የሆነ ፋይል ብናገኝም አንሰርዘው፤ ሥራችን በእርሱ ውስጥ ሊኖር ይችላልና።

ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት

ሥራው ከተረፈ በኋላ መንሥኤውን መፈለግ ይገባል። ያንኑ ሰነድ በኮምፒውተሩ ውስጥ፣ «ዶክዩመንትስ» በተባለው ፎልደር እናስቀምጠው። ያለ ችግር ከተቀመጠ ሰነዱም ፕሮግራሙም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከፍላሹ ወይም ከመሰኪያው ነው። ፍላሹን በሌላ መሰኪያ፣ ቀጥሎም ሌላ ፍላሽ በዚያው መሰኪያ እንሞክር። በሁሉም መሰኪያ የሚያስቸግር ፍላሽ ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

በኮምፒውተሩም ውስጥ ሲቀመጥ የሚቆም ከሆነ ግን ፍላሹን አንውቀሰው። «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ይዘን ወርድን ብንከፍት ያለ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይነሣል። በዚህ መልክ በደኅና ከሠራ ችግሩ በኋላ ከተጨመሩት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። አሁንም ካልሠራ የሰነዱን ፎቶዎች አሳንሶ መሞከር ያስፈልጋል።

ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አንበል፤ ፎርማት በላዩ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና። የሚነበበውን አስቀድመን ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ እናድርግ። ማንበብ እየቻለ መጻፍ እንቢ የሚል ፍላሽም ዕድሜውን መጨረሱን እያስታወቀ ሊሆን ይችላል። በገበያ ላይ በላያቸው ከተጻፈው መጠን እጅግ ያነሰ የሚይዙ ሐሰተኛ ፍላሾች እንዳሉም እናስታውስ። እነዚህ የተቀበሉ መስለው ፋይሉን ያበላሹታል።

ዘላቂው መፍትሔ

የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል፤ ጸሓፊ ግን በማኅደር ውስጥ ሆኖ አይጽፍም። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ሰነድን በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንጻፍ፤ በዚያው እናስቀምጥ፤ ፕሮግራሙን እንዝጋ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ወደ ፍላሹ ኮፒ እናድርግ። በፍላሽ የመጣልንንም ሰነድ በቀጥታ ከመክፈት አስቀድመን ወደ ኮምፒውተሩ እናሻግር። በመጨረሻም «ኢጀክት» የሚለውን ተጭነን፣ ፍላሹን መንቀል እንደሚቻል ሲነገረን ብቻ እንንቀል።

ለፎቶ ኮፒና ለኅትመት ቤት የሚሄድ ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ የሚታተመውም ሰነድ በፒዲኤፍ ተዘጋጅቶ ብቻ ይያዝ። በእነዚህ ቦታዎች ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው «ሾርትከት» የሚያስቀምጥ ቫይረስ በቀላሉ ይተላለፋል። ሾርትከቱን መጫን ቫይረሱን ማስነሣት ስለሆነ ፍላሹ አስቀድሞ በአንቲቫይረስ ይመርመር።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለጸሓፊው ብቻ የሚተው አይደለም። የጽሕፈት ቤቱ ፍላሽ የግለሰብ ንብረት ሳይሆን በአጥቢያው ንብረት መዝገብ የገባ፣ ምልክት የተደረገበትና ኃላፊ ያለው ሊሆን ይገባል። የምእመናንን ስምና አድራሻ የያዘ ፍላሽ በኪስ ሲዞር መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን በሌላ እጅ መግባቱም ያሳስባል።

ማንኛውም ዋና ሰነድ በሦስት ቦታ ይገኝ፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሁለተኛው በካዝና በሚቆለፍ ሌላ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ታትሞና ተፈርሞ በመዝገብ ቤት። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት የጉባኤው አባላት የካዝናውን ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ሰነዱ መነበቡን ቢያረጋግጡ መልካም ነው። ተከፍቶ ያልተነበበ ቅጂ እንዳለ ሊቆጠር አይችልምና።