ጉም የለበሰው ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ የዋንዛ ጠረጴዛዬን ሐምሌ ላይ ላከር አስቀባሁት። ሲደርቅ ላዩ ነጣ፣ ጉም የለበሰ መሰለ። ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባ?

መልስ፦ ለመፋቅ አይቸኩሉ፤ እንጨቱ ደህና ነው። በላከሩ ውስጥ ያለው ቲነር በፍጥነት ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የክረምቱ እርጥበትም እዚያው ጤዛ ሆኖ ይታፈናል። ያነጣው እሱ ነው። ደረቅ ቀን ጠብቀው ባለሙያው የላከር ቲነር በስሱ ይርጭበት፤ ላከሩ ለስለስ ሲል እርጥበቱ መውጫ ያገኛል። በጨርቅ ማሸት ግን አይሞከር፣ ላከሩን ይጎትተዋል። ካልለቀቀ ብቻ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ላዩን አለስልሶ፣ አቧራውን ጠርጎ አንድ እጅ መድገም ነው። አደራ፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ እንዳይኖር፤ የቲነር ትነት በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።