በከፍታ ቦታ የናፍታሊንን መቅለጫና መርጊያ ነጥብ መለካት

ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚያገለግለው ናፍታሊን ንጹሕ ሲሆን የሚቀልጠውም የሚረጋውም በ80.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የሙከራ ቱቦውን በሙቅ ውኃ ውስጥ በማቆም ናሙናውን ማቅለጥ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ንባቡ 79.7 ሲሆን ነው፤ ጉድለቱ ወዲያው በከፍታው ይሳበባል።

ስሌቱ ግን ይህን ሰበብ አይደግፍም። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚጨምር የአየር ግፊት መቀነስ የመፍሊያ ነጥቡን በእጅጉ ዝቅ ያደርጋል። ናፍታሊን ሲቀልጥ የሚሰፋው ከሩብ ባነሰ መጠን ብቻ ነው። በክላውዚየስና ክላፔይሮን እኩልታ መሠረት የአዲስ አበባ ግፊት በሩብ ያህል ማነሱ መቅለጫ ነጥቡን የሚያወርደው በአንድ መቶኛ ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህንን ተራ ቴርሞሜትር አይለየውም። በአንጻሩ በአንድ ኪሎ ግራም ናፍታሊን ውስጥ 10 ግራም ባይፌኒል ቢሟሟ መርጊያ ነጥቡ በ0.45 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ መመርመር ያለበት የናሙናው ንጽሕና አለዚያም ቴርሞሜትሩ ነው። ቴርሞሜትሩን የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ነው በሚል ግምት ማስተካከል በዚህ ከተማ ስሕተትን መጨመር ይሆናል፤ ከተጣራ ውኃ የተሠራ፣ በመቅለጥ ላይ ያለ በረዶ ግን እዚህም ዜሮን በትክክል ያሳያል።

ሁለቱን ጥርጣሬዎች ለመለየት ከማሞቅ ይልቅ ማቀዝቀዝ ይበልጥ ይረዳል። በማሞቅ ጊዜ፣ በተለይ ሙቀቱ በደቂቃ ከሁለት ዲግሪ በላይ ከጨመረ፣ ቴርሞሜትሩ ናሙናውን ቀድሞ ይሄዳልና ንባቡ ከእውነተኛው ይበልጣል። በማቀዝቀዝ ጊዜ የቀለጠው ናፍታሊን በቀስታ እየተማሰለ በየ30 ሰከንዱ ይነበባል። (ትነቱ ጤናን ስለሚጎዳ ሥራው በጢስ መሳቢያ ሥር መከናወን አለበት።) ሙቀቱ አንዳንዴ ከመርጊያ ነጥቡ በታች ይወርድና የመጀመሪያዎቹ ክሪስታሎች ሲፈጠሩ በሚለቀቀው ድብቅ ሙቀት ተመልሶ ይወጣል። ይህ ዝቅተኛ ንባብ መርጊያ ነጥብ ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ ተፈላጊው ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ የሚቆይበት የግራፉ ክፍል ነው። ይህ ክፍል አግድም ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ካነሰ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቴርሞሜትሩ ነው፤ መርጋቱ በገፋ ቁጥር መስመሩ ቁልቁል ካዘነበለ ግን ባዕድ ነገሩ በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ እየተከማቸ ነውና ናሙናው እንደገና መጣራት ይኖርበታል።