መስቀሉና ሥዕሉ ምን ይናገራሉ?

ምልክትን በሀገራችን ቅዱስ ጥበብ ለታዳጊዎች ስለ ማስተማር



ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ስናስተምር፣ አንድ ቀን የእጅ መስቀል አሳይተን በላዩ ያለው ጥልፍልፍ ሐረግ ምን እንደሚያመለክት ጠየቅናቸው። «ጌጥ ነው» አሉን። ስሕተቱ የልጆቹ አልነበረም። እኛ ራሳችን ለዓመታት ከውጭ በመጡ የታተሙ ሥዕሎች ብቻ ስናስተምር ቆይተን፣ ዘወትር የሚሳለሙትን መስቀል ማንበብ አላስተማርናቸውም። ይህ ትምህርት ያንን ጉድለት ለማረም የታሰበ ነው።

1. መሠረቱ

እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሲያሠራ ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ ጥበብን ሰጠው (ዘጸ. 31፥1-5)። በ787 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ፣ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ሥዕሉ ወደሚወክለው አካል እንደሚያልፍ አስተማረ። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤም በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድን የጥበብ ስልት ብቻ የራሷ እንዳላደረገች ገልጿል (ቁ. 123)። እንግዲህ የአባቶቻችንን ጥበብ ማስተማር ከእምነት ትምህርት ውጭ የሆነ ተጨማሪ ነገር አይደለም።

2. መሥመር፣ ሚዛንና ክፍተት

ልጆቹ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ትርጓሜው በኋላ ይምጣ። የመጾር መስቀል ፎቶግራፍ ሰጥተን ሐረጉን በጣታቸው ይከተሉት። መነሻና መድረሻ ሲያጡለት፣ የዘላለም ሕይወት ምልክት ተደርጎ የሚተረጎመው ስለ ምን እንደ ሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። የግራው ክንፍ ከቀኙ ጋር መመሳሰሉ ሚዛን ይባላል። በብረቱ መካከል የተተወው ክፍተትም ብርሃን ያሳልፋልና የሥራው ክፍል ነው።

ለልምምድ፣ እያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፎ በመቀስ ይቁረጥ። ሲዘረጋው አንዱ ቁራጭ በ4 ወገን ተደግሞ ያገኘዋል። የተባረከው መስቀል ግን መጫወቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ስለ አሠራሩም እንንገራቸው። ጥንታውያን አንጥረኞች ብዙዎቹን መስቀሎች በሰም ቀርጸው በሸክላ ጭቃ ይሸፍኑ ነበር፤ ሰሙን በእሳት አቅልጠው ካስወጡ በኋላ በስፍራው የቀለጠ ነሐስ ያፈሱበታል። መስቀሉን ለማውጣት ቅርጹ ይሰበራል፤ ስለዚህ እንዲህ የተሠራ መስቀል መንትያ የለውም።

3. ዓይንና ፊት

በቆየው የሥዕል ሥርዓታችን ቅዱሳን ብዙውን ጊዜ በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ባስተማርንበት ቀን አንዲት ልጅ፣ «አንድ ዓይን ያለው ሰው ታዲያ ክፉ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ ልባችንን ነካው፤ በክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይኑ የማያይ ልጅ ነበረና።

ሠዓሊው የሚናገረው ስለ ሰው አካል ሳይሆን ፊቱን ከብርሃን ስለሚመልስ ልብ እንደ ሆነ አስረዳናት። ከዚያም የዕውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ አነበብን (ማር. 10፥46-52)። ዓይን የነበራቸው ዝም በል ሲሉት፣ እርሱ የዳዊትን ልጅ አውቆ ጠራው። መምህራን ሆይ፣ ምልክት ያለ ፍቅር ከተነገረ ሰውን እንደሚያቈስል ከዚያች ልጅ ተማርን።

4. የተቀበልነውና የራሳችን ያደረግነው

በሮም በታላቋ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ ሀገራችን ደረሰ፤ በ17ኛው መቶ ዘመንም አምሳያው በሠዓልያኖቻችን ዘንድ ተስፋፋ። እነርሱ ግን እንዲሁ አልገለበጡትም፤ በራሳቸው ቀለምና መሥመር ሥለው፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙ። ይህ ቅርስ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር የምንካፈለው ነውና በአክብሮት እንያዘው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ካሉት ንዋያተ ቅድሳት ትርጉሙን የማናውቀው የትኛው ነው?
ለ. ትርጉሙን የሚነግረን አረጋዊ በመካከላችን ማን አለ?
ሐ. ምልክትን ስናስተምር የትኛውን ልጅ ሳናስብ እናሳዝን ይሆን?

ለባስልኤል ጥበብን የሰጠ አምላክ ለእኛም የሚያስተውል ዓይነ ልቡና ይስጠን። አሜን።