ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ላይ የሚነሣው ሐሰተኛ ሞገድ

የቆየ የጋዜጣ ፎቶግራፍ በስካነር ስናነሣ፣ በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ሞገድ መሰል ሸንተረር ብቅ ይላል። ሞይሬ ይባላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የጋዜጣ ፎቶግራፍ የቀለም ነጠብጣቦች ድርድር ነው። በአንድ ኢንች 85 ረድፍ ነጠብጣብ ያለውን ሥዕል፣ ረድፎቹ ከስካነሩ ጋር ትይዩ ሆነው፣ በኢንች 100 ናሙና ብናነበው ልዩነቱ 15 በየ1.7 ሚሊሜትሩ የሚደጋገም ሞገድ ሆኖ ይታያል፤ ሁለት ተቀራራቢ የክራር ድምፆች አብረው ሲሰሙ የሚፈጠረውን ምት ይመስላል። ስለዚህ ናሙናው ቢያንስ ከ170 መብለጥ አለበት፤ እኛ 600 እንመርጣለን። ከዚያም ነጠብጣቦቹ እስኪዋሐዱ ምስሉን በጥቂቱ እናደበዝዝና መጠኑን እንቀንሳለን። ማደብዘዙ የግድ መቅደም አለበት፤ ሐሰተኛው ሞገድ አንዴ ከምስሉ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልምና። ቦታ ለመቆጠብ በ100 አንብቦ ጋዜጣውን መጣል የሚያስቆጨን ለዚህ ነው።